የታትሪፊ ጊንጥ

ታትሪፊ የተወለደችው በዐቅራብ፣ በጊንጥ ኮከብ ነው። ባሏ በጎልማሳነቱ በንዳድ ሲሞትባት፣ የባሏ ወንድም ፓኮይስ በለቅሶው መሃል፣ “ወንድሜን የበላችው ይህቺ ጊንጥ ናት” አለ። ስሙም በዚያው ተጣበቀባት። ውሃ ልትቀዳ ወደ ዓባይ ስትወርድ የአኽሚም ከተማ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስቡ ነበር። እሷ ግን የተልባ እግር ጨርቋን እየሸመነች፣ ማንንም ደጅ ሳትጠና ኖረች።

ፀጉሯ ሲሸብት ወደ ሬሳ ሣጥን ሠዓሊው ወደ ቤሳ ሄደች።

“በክዳኑ ውስጥ የሰማይ እንስት አምላክ ኑትን፣ ዙሪያዋን ዐሥራ ሁለቱን ከዋክብት ሣልልኝ። ከራሴ በላይ ደግሞ የተወለድኩበትን ለብቻው፣ ተለቅ አድርገህ።”

“የትኛው ነው እመይቴ?” አለ ቤሳ፣ እያወቀ።

“ዐቅራብ። ጅራቷን ቀና አድርጋት።”

ፓኮይስ ይህን ሰማ። የቤተ መቅደሱ ሹም ነውና፣ ቤሳም ከዚያው በሚያገኘው ሥራ የሚያድር ነውና፣ መጥቶ አዘዘው። “ሣጥኗ ከወንድሜ ጎን የሚገባ ነው። በእኛ መቃብር ጊንጥ አይነግሥም። ሰንቡላን፣ ስንዴ የያዘችውን ልጃገረድ ሣልባት።”

ቤሳ አንገቱን ደፍቶ ሣለ።

ታትሪፊ ልታይ መጣች። ክዳኑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች።

“ታምራለች” አለች። “ማን ናት?”

“ይቅር ይበሉኝ እመይቴ፤ ፓኮይስ አዘውኝ ነው። ደግሞስ እዚያ ሲደርሱ ደግ ኮከብ ይዘው ቢቀርቡ ምን ይጎዳል?”

“እዚያ የሚጠብቀኝ የሰው ልብ የሚመዘንበት ሚዛን ነው። በሚዛን ፊት በሰው ኮከብ ልቁም?”

መፋቂያውን አነሳችና ልጃገረዲቱን ከነስንዴዋ ፋቀቻት። ቤሳ አላስቆማትም፤ ብሩሹን ግን ሊነካ ፈራ። እሷው ቀይ ቀለም ነክራ ጀመረች። እጇ የለመደው መወርወሪያ ነውና መስመሩ ተንሻፈፈ።

“ሸርጣን መሰለችብዎ” አለ ቤሳ፣ ሳቁ አምልጦት።

“እንግዲያ ጅራት እንቀጥልላት” ብላ እሷም ሳቀች።

ፓኮይስ የደረሰው ቀለሙ ሳይደርቅ ነበር። አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

“ይህ ሣጥን ወንድሜ ጎን አይገባም።”

“አይግባ።”

“የት ልትቀበሪ ነው ታዲያ? ከውሻ ጋር?”

“ወንድምህ በንዳድ ሲነድ ደጃፉን አልረገጥክም፤ ይጋባብኛል ብለህ። ትውከቱን የጠረግሁት፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ጊንጧ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስም ጠርታችሁኝ፣ ለሬሳዬ ሌላ ልታወጡልኝ?”

በማግሥቱ ሸማኔ ጓደኞቿ ሣጥኑን ተሸክመው ወደ ቤቷ ወሰዱት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በፓኮይስ ደጅ በኩል። አንዱ ጎረምሳ፣ “ጊንጧ መጣች” ሲል ከፊት የምትሄደው ታትሪፊ ቀና ብላ፣ “መጣች፤ መንገድ ልቀቅ” አለችው።

ኋላ በጠና ስትታመም ፓኮይስ መልእክት ላከ፤ የጊንጧ ሥዕል ብቻ ይጥፋና ከባሏ ጎን ትግባ ሲል። ታትሪፊ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ባሏን ትወደው ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ለመልእክተኛው፣ “ባሌ እኔን ከናፈቀ ሸማኔዎቹ የሚቀበሩበት ዋሻ ድረስ ይምጣ በለው፤ መንገዱን አያጣውም” አለችው።

የተቀበረችውም እዚያው፣ በሸማኔዎቹ ዋሻ ነው። ፓኮይስ ለቅሶ አልደረሰም። ቤሳ ግን መጣ፤ የቤተ መቅደሱ ሰዎች ቆመው እያዩት፣ ሣጥኑን ከሸማኔዎቹ ሴቶች ጋር ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ።