የይሻው ዲፕሎማ

ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔው ነው። ደብረ ታቦር ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ እሠራለሁ። ፎርጅድ ዲፕሎማ ቢያማርረን፣ ማንም ሰው ስም ጽፎ እውነተኛውን የሚለይበት ገጽ እንድሠራ ታዘዝኩ። መረጃው የሚቀመጠው ብሎክቼይን በሚባል መዝገብ ነው። አንዴ የተጻፈበት ነገር በብዙ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ የኮሌጁ ዲንም ሆነ እኔ ልንሰርዘው አንችልም። ገጹ በተመረቀ ዕለት ይህንኑ በማይክሮፎን ስደሰኩር ዋልኩ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የማይለቀም ነው። የስድስት መቶ ተመራቂዎችን ዝርዝር ሳላየው በአንድ ጊዜ ስጭን፣ ታላቅ ወንድሜ ይሻውም አብሮ ገባ፤ ከነፎቶው፣ ከነአባታችን ስም፣ ከነትውልድ ቦታው።

አባታችን ሙላቴ እብናት ላይ በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ፣ እሱም እስር ቤት ሞተ። እርቅ አልወረደም። እናታችን ሁለታችንን ይዛ ስትሸሽ ይሻው ትምህርት ጀምሮ ስለነበር የአባታችን ስም ከወረቀቱ ጋር አብሮት ቀረ። እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበርና፣ በእናቴ አባት ስም ታምራት አስናቀ ተብዬ አደግኩ። ወንድሜ አሁን አንበሳሜ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል፤ እዚያ ሰው ሁሉ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው።

ገጹ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መስኮቴ ላይ ቆመው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። የወንድሜ ፎቶ ነበር።

«ይኸን ልጅ ስንት ዘመን ፈለግነው። የልጅ ልጄ ናት በስልክ ያገኘችልኝ። የት ነው የሚሠራ?»

«ማን ልበል፣ አባቴ?»

«አዳነ እባላለሁ፣ ከእብናት።»

እናቴ ይህን ስም የምትጠራው በሹክሹክታ ነው። አባታችን የገደለው የኚህን ሰው ወንድም ነው። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

«ሞቷል» አልኩ።

«ይኸ እኮ አይዋሽም አላችሁ። ሞቷል አይልም።»

«ገና አልተጻፈም። አሁን እጽፈዋለሁ፤ ትንሽ ይታገሱኝ።»

መሰረዝ አይቻልም እንጂ መጨመር ይቻላል። በይሻው ስም ሥር «በሞት የተለየ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። ከዚያች ቀን ወዲያ ወንድሜ በዚያ ዲፕሎማ የትም አይቀጠርም፤ ያለበትም ክሊኒክ አንድ ቀን ገጹን መክፈቱ አይቀርም። ይሁን፣ ሥራ ፈትቶም ቢሆን ይኑር አልኩ።

ሽማግሌው ገጹን እንደገና ከፍተው አነበቡ።

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ ከልባቸው። ያመኑኝ መሰለኝ።

«የሞተው በሰው እጅ ነው?» አሉ ቀጥለው።

«ኧረ አይደለም፣ በሕመም።»

«እንግዲያ ደሙ አልተመለሰም።» የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። «ታናሽ ወንድም ነበረው። ስሙን አናውቀውም፤ ያን ጊዜ ጨቅላ ነበር። እስቲ ልጄ፣ ሌላ የሙላቴ ልጅ ካለ ፈልግልኝ።»

በፊታቸው መፈለግ ጀመርኩ። የአባቴን ስም በገዛ ጣቴ ጻፍኩ፤ ከይሻው ሌላ ማንም አልወጣም።

«የለም፣ አባቴ» ልላቸው ቀና አልኩ። ሽማግሌው አንዴ የወንድሜን ፎቶ፣ አንዴ የኔን ፊት ያዩ ነበር።