ቁጥር አሥራ ሰባት

ከሦስት ዓመት በፊት ከባህሪያ ጡት እብጠት በቀዶ ጥገና ወጥቶ «አይዞሽ፣ ደህና ነው» ተብላ ነበር። የምትሠራበት ላብራቶሪ ኮምፒውተሩን ካንሰር እንዲለይ ሲያስተምር የደህና እብጠት ናሙና ቢያጥረው፣ የራሷን አምጥታ ሰጠች፤ ቁጥር አሥራ ሰባት።

ዛሬ ከሰኮሩ ከተማ አንዲት ታካሚ እናት ተመልሰው መጡ። አምና ኮምፒውተሩ «ደህና» ያለው እብጠታቸው ካንሰር ሆኖ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል።

የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አብሳሎም እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። «ኮምፒውተሩ ከየትኛው ናሙና ጋር አመሳስሎት ነው? ጠይቂው እስቲ።»

ጠየቀችው። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ወጡ፤ ቁርጥ አንድ ናቸው። ከሁለተኛው ሥር አሥራ ሰባት ይላል።

«ከመጀመሪያውም ደህና ነው ብለን ያስተማርነው በካንሰር ነዋ» አለ ዶክተሩ። «ለመሆኑ የማን ነው ይሄ? ሴትዮዋ እስካሁን በሕይወት አለች?»

የባህሪያ እጅ ከሒጃቧ ሥር ገብቶ ጠባሳዋን ይዟል።