የፍሪጁ ድምፅ

እና ሚስቴ አለቀሰች፣ በምን ቢባል በፍሪጅ፣ ይላል ልብስ ሰፊው ወልደጊዮርጊስ የወሰደውን ዲቪዲ ባንኮኒው ላይ እየመለሰ፣ አለቀሰች እኮ ነው የምልህ፣ እናቴ ስትሞት እንባ ጠብ ያላለላት ሴት፣ ከባንኮኒው ኋላ ያለው ሱሀይብ ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው ከጥርሱ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ምን ላርጋት ታዲያ ይላል ልብስ ሰፊው፣ ሼባው ያሳዝናላ፣ ድምፁ እኮ ነው፣ ያን ድምፅ ከየት አመጣችሁት በናትህ፣ በል ቀጣዩን ክፍል ስጠኝ፣ ይዤ ካልገባሁ እራት የለም። ድምፁ። ደግሞ ድምፁ። ስለ ሥዕሉ አያወሩ፣ ስለ ታሪኩ አያወሩ፣ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የገባው ሁሉ ድምፁ፣ ድምፁ፣ ሌላው የተናገረው በሙሉ የድስት ክዳን ኳኳታ ነው እንዴ፣ ሱሀይብ ቀጣዩን ዲቪዲ ያቀብላል፣ መልካም መዝናኛ ይላል።

ለማያውቅ ሰው ቢነግሩት ተናጋሪው ያበደ ይመስላል፣ ጃፓኖች የሠሩት ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው፣ አንድ ሽማግሌ ይሞታል፣ ነፍሱ ሌላ ማደሪያ የጠፋት ይመስል ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ወዲያ ፍሪጁ ይናገራል፣ በሩን ሲከፍቱበት ይቆጣል፣ ልጁን ይመክራል፣ ምራቱን ይነዘንዛል፣ ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ያስታርቃል፣ መብራት ሲጠፋ ቃሉን ሳይጨርስ ፀጥ፣ ሲመጣ የት ደረስን ይላል፣ በቃ፣ ይኸው ነው። ይኸንን ነው ፒያሳ እየተሻማ የሚያየው። አንዷ መምህርት ነፍስ ፍሪጅ ውስጥ አትገባም፣ ከእምነታችን ጋር አይሄድም ብላ ባንኮኒው ላይ ሰብካ ስታበቃ ሦስት ክፍል ይዛ ሄደች፣ ለልጆቹ ነው አለች፣ ልጅ የላትም። ነጂባ ደግሞ፣ የቅመም ነጋዴዋ፣ ወላሂ አሁን ፍሪጄን ስከፍት አሰላሙ አለይኩም እላለሁ ትላለች፣ መልሶልኝ ቢሆን እወድ ነበር ትላለች። የሰፈሩ ጀለሶች ሼባው ይመቸው፣ ሌላው ቀሽም ነው ይላሉ። ሌላው። ሌላው ማለት ሱሀይብ ነው።

አያውቁማ። ከሱቁ በላይ ባለችው የጣውላ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳዋ በብርድ ልብስ በተለበጠችው፣ የጃፓኑ ንግግር ወደ አማርኛ በሚገለበጥባት፣ ማን የማንን እንደሚናገር አንድም ደንበኛ አያውቅም፣ ባለሱቁ ጋሽ ሙኒር አይፈቅድም፣ ድምፅ ፊት ካለው አለቀለት ይላል፣ ተመልካች ያችን ደረጃ ወጥቶ አያውቅም። ድሮ፣ ድሮ ማለት ከዘሩባቤል በፊት፣ ሁሉም ሱሀይብ ነበር፣ አባትም እናትም ሕፃንም ፖሊስም፣ ስታለቅስም እሱ፣ ሲያባብላትም እሱ፣ ተኳሹም ሟቹም እሱ። ከዚያ ይኼ ፍሪጅ መጣ። ሱሀይብ ለሽማግሌው ብሎ ደረቱን ነፍቶ፣ ጉሮሮውን ሞርዶ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሰነበተ፣ ጋሽ ሙኒር ሰማውና ጥሩ ነው አለ፣ ጥሩ ነው ማለት ጥሩ አይደለም ማለት ነው፣ በማግስቱ ከቴዎድሮስ አደባባይ አንዱን የሒሳብ ሠራተኛ ይዞ መጣ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሰላም ወንድሜ፣ ዘሩባቤል እባላለሁ፣ ወንድሜ ይለኛል እንዴ፣ የት ነው አብረን የተወለድነው። ማይኩ ፊት ቆመ፣ ሳይለማመድ፣ ውኃ እንኳ ጎንጨት ሳይል፣ በሩን ዝጉት ልጆቼ፣ ብርዱ ወጣ፣ አለ።

ጋሽ ሙኒር ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና መሬት መሬት አየ። ሱሀይብንም ሰውነቱን ውርር አደረገው፣ መስማቱ ነው የገደለው፣ ደንቆሮ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት፣ ቆንጆ ካልሆነ ምን አስቀናው፣ ቆንጆ ነው፣ ያ አላህ ቆንጆ ነው፣ ምነው ያ ጉሮሮ ለእኔ ቢሆን፣ ለእሱ ምን ያደርግለታል፣ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የሚውል ሰው፣ ለእኔ እኮ እንጀራዬ ነው፣ ሕይወቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ የማውቀው የለኝ። የገዛ እናቱ፣ የወለደችው፣ ቤት ወስዶ ቢያሳያት፣ እማ እየሰማሽ ነው፣ ይኸ ሁሉ እኔ ነኝ ቢላት፣ አዎ አዎ አለችና ቆየት ብላ፣ ሱሀይብዬ፣ ይኼ ሽማግሌው ግን ማነው አለችው። እናት!

የጋሽ ሙኒር ሁለተኛ ሕግ ደግሞ አለች፣ ዲቪዲ የመለሰ ሰው ሳይናገር አይሄድም፣ እንዴት ነበር ይባላል፣ የተናገረውን ባንኮኒ ላይ ያለው ሰው በቃሉ ይዞ አመሻሽ ላይ ወደ ላይ ያደርሳል። ቴሌግራም ላይ ሰው ይሳደባል፣ ባንኮኒ ላይ ግን ሆዱን ይናገራል፣ ይላል ጋሽ ሙኒር፣ ከገዛ ጆሮው ይልቅ ባንኮኒውን ያምናል፣ ደንበኛ ካለ አለ ነው። ባንኮኒው ላይ ያለውስ ማነው፣ ሱሀይብ፣ ለጅብ ሥጋ አደራ። መጀመሪያ አልዋሸም፣ ዝም ብቻ ነው ያለ፣ ምን አሉ፣ ምንም፣ ደህና ነው አሉ፣ ዝምታ ውሸት ነው እንዴ። ከዚያ አንዷ ሼባውን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ብትለው ላይ ወጥቶ፣ እንቅልፍ ያመጣብናል አሉ አለ፣ ይኸም ውሸት አይደለም፣ ጠመም ያለ እውነት ነው። ከዚያማ ምላሱ ለመደ፣ ከበደብን አሉ፣ ስብከት ስብከት ይላል አሉ፣ ልጆቻችን ፈሩ አሉ፣ ማን አለ፣ ሰዎች፣ ጋሽ ሙኒር ግንባሩን አከከ፣ በጣም ነበር እኮ የወደድኩት አለ፣ እንግዲህ ሰዎች ካሉ።

ያ ዘሩባቤልስ፣ ቢቆጣ ምን ነበረ፣ ቢሳደብ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ ብሎ በሩን በርግዶ ቢሄድ፣ ሱሀይብም ንጹሕ ጥላቻውን ይዞ ባረፈ። አልተቆጣም። እውነታቸውን ነው አለ፣ እኔ ልምድ የለኝም፣ አንተ የቆየህበት ነህ ወንድሜ፣ እስቲ እንዴት ላድርገው፣ አሳየኝ። አሳየኝ! ሱሀይብ አሳየው። ቀለል አድርገው አለው፣ ከደረትህ አታውጣው፣ ከአፍንጫህ፣ አዎ፣ እንደሱ፣ ፈጠን በል፣ ሳቅ ጨምርበት፣ ሰውዬው እንደ ጎበዝ ተማሪ አንገቱን እየነቀነቀ ተቀበለ፣ አዲሱን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በአፍንጫው ቀዳው፣ ሽማግሌው የሎተሪ አዟሪ ሆኖ አረፈው። እሰይ አለ ሱሀይብ በሆዱ፣ እሰይ፣ ወዲያው ደግሞ ቅር አለው፣ ያ በሩን ዝጉት ልጆቼ የሚለው ነገር ከዓለም ላይ እንደጠፋ ገባው፣ ቢጠፋስ፣ የኔ ካልሆነ ማንም አይብላው። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወደ ቤቱ ሲወርድ አንድ ሚኒባስ ምቀኛ አታሳጣኝ የሚል ኋላው ላይ ለጥፎ አለፈው፣ ምን አፈጠጥክብኝ አለው ሱሀይብ፣ ለመኪና።

አሁን አዲሱ ክፍል ወጥቷል፣ ወልደጊዮርጊስ ይዞት የሄደው እሱን ነው፣ ዛሬ ሚስቱ አታለቅስም፣ ደስ ይበላት። ልብስ ሰፊው ከበሩ ሳይርቅ እማማ ኡሙሀኒ ይገባሉ፣ ከድልድዩ ማዶ ያሉት፣ የወሎዋ፣ የሐጂ የሲን ባለቤት፣ ባለቤት የነበሩት፣ ሐጂ ባለፈው ዓመት ሞተዋል። አዲሱን ክፍል ትናንት ከሁሉ ቀድመው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ዲቪዲውን ባንኮኒው ላይ አያስቀምጡትም፣ ይጥሉታል። አሰላሙ አለይኩም እማማ፣ እንዴት ነበር። ወአለይኩም ሰላም፣ እንዴት ነበር ይለኛል ደግሞ፣ ሰውዬዬን ምን አደረጋችሁት?

የትኛውን ሰውዬ፣ እማማ። ፍሪጁን ነዋ! እኔ እንደሁ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ሥዕሉ አይታየኝ፣ ልጄ ትከፍትልኛለች፣ መግሪብ ሰግጄ ቁጭ ብዬ መስማት ነው፣ በሩን ዝጉት ልጆቼ ሲል የሲን የገባ ይመስለኛል፣ የሲንም እንደዚያ ነበር፣ አላህ ይዘንለት፣ ሲቆጣ ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፣ ትናንት ልሰማው ተስተካክዬ ብቀመጥ ምን ይመጣል፣ አንድ የማላውቀው ቀልማዳ! ኮልፌ ወስጄ አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ይኸው እናንተ ሁለተኛ አስቀበራችሁኝ።

ሱሀይብ የባንኮኒውን ጠርዝ ይይዛል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ይኸው እውነተኛ ወቀሳ፣ ሳይፈጥር፣ ሳያጣምም፣ እንደወረደ የሚያደርሰው፣ ታዲያ ለምን ደስ አይለውም፣ ቆይ፣ ቆይ እስቲ፣ ይኸን ላይ ወጥቶ ቢናገር፣ የቀድሞው ይሻለን ነበር አሉ ቢል፣ ጋሽ ሙኒር ምን ይላል፣ የቀድሞውን ጠሉት አላልከኝም እንዴ ይላል፣ አለቀ፣ ባንኮኒውም ማይኩም ተያይዘው ሄዱ። ባይናገርስ፣ አዲሱን ወደዱት ቢል፣ ዘሩባቤል በአፍንጫው ይቀጥላል፣ ሰው አንድ በአንድ ይሸሻል፣ ሰውዬው አፍሮ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል፣ ሁሉም እንደ ድሮው የሱሀይብ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ ከአላህ በቀር፣ አላህ ደግሞ፣ እማማ ኡሙሀኒ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ።

አይርገሙ! ድምፁ ይቀጥንበታል፣ እማማ በአላህ ይሁንብዎት፣ አይርገሙ። ምን ሆንክ አንተ ልጅ፣ ማንን ልርገም፣ ዱዓ ላደርግለት ነው እንጂ፣ ታሞ ነው እኮ፣ ደህና ሰው እንደዚያ አይናገርም፣ ጉሮሮውን ይዞት ነው፣ ይኸው፣ ከሻርፓቸው ሥር ትንሽ ብልቃጥ ያወጣሉ፣ ማር ነው፣ ከአገር ቤት የመጣ ነጭ ማር፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ይላሰው በለው፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ለሱ ስጥልኝ።

ማር። ለሱ ማር። ሱሀይብ ብልቃጡን ይቀበላል፣ ከትንሽነቱ ይልቅ ይከብዳል፣ እሱ ክረምት ላይ ጉንፋን ጥሎት አፍንጫውን እየናፈጠ ሙሉ ፊልም ሲያወራ ማን ማር አመጣ፣ ማን ታሟል አለ፣ ልዩነቱን እንኳ ያወቀ የለም፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ያ ልጅ ዛሬ ድምፁን ምን ነካው አላለም፣ ለዚያ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ፊቱን ያላዩት ባልቴት ማር ይዘው ድልድይ ይሻገራሉ። ቤቱ ወስዶ ቢልሰው ማን ያየዋል፣ በጣቱ እየጠለቀ፣ ለእኔ ነው የመጣ እያለ፣ ይወርድለታል? አይወርድም፣ ጉሮሮው ላይ ይቆማል።

ሱሀይብ! ይላል ጋሽ ሙኒር ከላይ፣ ዘሩባቤል መጥቷል፣ ልንቀዳ ነው፣ ምን አሉ ዛሬ?

ወደዱት። ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ወደዱት ቢል ያበቃል፣ አፉን ይከፍታል፣ አይወጣም፣ እሺ እውነቱን በለው፣ እውነቱም አይወጣም፣ ያን ሁሉ ሲያጣምም የነበረ ምላስ ዛሬ ወዴትም አልጣመም አለ፣ ማሩ በእጁ፣ እማማ አፍ አፉን ያዩታል። ብልቃጡን መልሶ እጃቸው ላይ ያስቀምጠዋል። እርስዎ ራስዎ ይስጡት ይላል፣ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ያሉትንም ሁሉ እርስዎ ይንገሩት። ይቻላል እንዴ? ይላሉ እማማ። አይቻልም፣ ይምጡ።

ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን ያወጣቸዋል፣ ቀስ ይበሉ እማማ፣ ግድግዳውን ይያዙ። ላይ ሲደርሱ የሚሆነውን ያውቀዋል፣ እማማ ሰውዬዬን ምን አደረጋችሁት ይላሉ፣ ጋሽ ሙኒር ዞሮ ያየዋል፣ ብዙም አይናገር፣ ያየዋል፣ ከዚያ ያ ወንድሜ ባይ፣ ከሁሉ የሚያስጠላው ይኼ ነው፣ ይቅር ይለዋል፣ እዚያው ቆሞ ይቅር ይለዋል፣ በዚያ ድምፁ። ሱሀይብ አሁንም ይቀናል፣ ሊባረር እየወጣም ይቀናል፣ ነገ ሥራ ፈልግ ቢሉትም ይቀናል፣ ለእኔ ብሎ ይኸን ደረጃ የሚወጣ ሰው በዚህች አገር አልተፈጠረም።

እማማ ኡሙሀኒ መሃል ላይ ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ይቆማሉ። አንተስ ልጄ፣ እዚያ ፊልም ላይ ትናገራለህ? አዎ እማማ። የማንን? የሌላውን ሁሉ ይላል ሱሀይብ፣ የአባትየውን፣ የእናትየዋን፣ የልጆቹን፣ የጎረቤቱን፣ ከሽማግሌው በቀር ያለው በሙሉ እኔ ነኝ። እማማ ያስባሉ፣ ከልባቸው ያስባሉ፣ አንድ ጥሩ ነገር ሊሉት ፈልገው።

ሌላ ሰውም አለበት እንዴ? ይላሉ።