ሁለት ዘርፌ ጎሹ

፩

«አንዷን አጠፋኋት» አለ ናሆም፣ ደረቱን ነፍቶ።

፪

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርንጎ የጤና መረጃ አያያዝ መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿ ነገ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ የሚሆኑ። አለቃ ሊሆኑ ነውና መዝገብ ማገላበጥ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሥራ ይመስላቸዋል። ዓመት ከዓመት ለፈለፈች።

ሰለቻት።

፫

ለልምምድ ሆስፒታል ስትልካቸው፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ታካሚ ካገኙ ለይተው እንዲያመጡላት ነግራቸው ነበር። ማምጣት ብቻ። ከተማሪዎቹ አንዱ ናሆም ግን በስምም በዕድሜም በቀበሌም የሚመሳሰሉ ሁለት ዘርፌ ጎሹ አገኘና፣ ማንንም ሳይጠይቅ ኮምፒውተሩ ላይ አዋሐዳቸው።

ጠቅ።

አንድ ሆኑ።

፬

የሁለቱን የእናት ስም አይቶ እንደሆነ ትርንጎ ጠየቀችው። አላየም። በጠፋው መዝገብ ላይ ምን እንደነበረ ስትጠይቀው አንገቱን አከከ፤ በቀይ የተጻፈ ነገር ትዝ አለው።

«ምን የሚል?»

«ፔኒሲሊን አይስማማትም የሚል መሰለኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ ትርንጎ እዚህ ላይ ያለችውን አልጽፈውም።

፭

ወዲያው ደወለች። የሆስፒታሉ መረጃ ክፍል ኃላፊ አቶ ፈለቀ በትሕትና አስረዷት፦ ማዋሐድ ለማንም ክፍት ነው፤ መለየት ግን ከበላይ ደብዳቤ ይፈልጋል። ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።

የምን ስብሰባ እንደሆነ ጠየቀች።

«የመረጃ ጥራት» አሏት።

ዘርፌ ጎሹ የምትባል ታካሚ ግን ዛሬ ጠዋት አልጋ ይዛለች፣ ብለው ጨመሩላት።

፮

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። ናሆምን እየጎተተች ባጃጅ ውስጥ ገባች። ልጁ ምናልባት ሌላኛዋ ትሆናለች እያለ ሊያጽናናት ሞከረ።

«ዝም በል» አለችው። «ምናልባት እያልክ ሆስፒታል ልትመራ?»

፯

ዘርፌ እግሯ አብጦ ተኝታለች። ነርሷ መርፌውን ሞልታ አልጋው አጠገብ ደርሳለች፤ ኮምፒውተሩ ምንም አላስጠነቀቃትም።

«እህቴ፣ አንዴ ቆዪ» አለች ትርንጎ እያለከለከች። ወደ ታካሚዋ ዞረች። «እትዬ ዘርፌ፣ ፔኒሲሊን ይስማማዎታል?»

«ኧረ አምና ሊገድለኝ ነበር» አለች ዘርፌ። «ተጽፏል ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

፰

መርፌው ተመለሰ። ሐኪሙ ተጠራ፣ ሌላ መድኃኒት ታዘዘ። ትርንጎ ከአልጋው ራስጌ ባለው ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ብላ በትልልቁ ጻፈች። ከዚያ ወንበር ስባ ናሆምን አስቀመጠችው።

«ንገራቸው» አለችው።

ዘርፌ ትራሷን ደገፍ ብላ ፊቱን ታየው ጀመር።

«እትዬ ዘርፌ፣ እኔ ነኝ መዝገብዎን ያጠፋሁት» አለ ናሆም።