ቀይ የተቀባው ሞተር

የቀበሌያችንን ወፍጮ ሞተር ያቃጠለው ቀለም ነው ብል ማን ያምነኛል? ለአብዮት በዓል ሁሉም ነገር ቀይ ይቀባ ተባለና በሩም፣ ሚዛኑም፣ ሞተሩም ተቀባ። ሞተሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ የተጻፈባትን ቆርቆሮ ቀለም ዋጣት። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ኦቨርሎዱን በግምት ገጠመ። ኦቨርሎድ ማለት ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ሙቀት ተሰምቶት መብራቱን የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ያኛው ግን አንዴም ሳይቆርጥ ሞተሩ ጨሰ።

ሽቦው እንደገና ተጠምጥሞ ሲመለስ ሊቀመንበሩ «ደግሞ ከተቃጠለ ወፍጮው ይዘጋል» አሉ። ወፍጮው ተዘጋ ማለት የእኔ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚያ እህል ከመፍጨት ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

ኦቨርሎዱን ሊገጥም የመጣው ዲንሳ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ሞተሩን እየዞረ አየና «ላምባና ጨርቅ አለሽ?» አለኝ። የሻሼን ጫፍ ቀድጄ ሰጠሁት።

«ቀለሙን መፋቅ ያስጠይቃል» አልኩት።

«እኔን ይጠይቁኝ» አለ።

በላምባ እያራሰ በቢላ ጫፍ ሲፍቀው ሰባት ቁጥር ብቅ አለች። የድሮው ኦቨርሎድ ማስተካከያ ደግሞ ቢወርድ ቢወርድ ከአሥራ ሁለት በታች አይወርድም። ለሰባት የሚሆን ፈልጎ አመጣ፣ ገጠመ፣ ማስተካከያዋንም ሰባት ላይ አቆመ።

«ሲቆም አትቆጪው። እስኪበርድ ጠብቂና ሰማያዊዋን ቁልፍ ተጫኚ። አንቺም እስከዚያ ተቀመጪ፤ እግርሽ አብጧል።»

ወረፋ ላይ እግሬን የረገጠኝ ብዙ ነው፤ ያየልኝ እሱ ብቻ ነበር። ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ።

የፋሲካ ሰሞን ከሀና ማርያም ወዲያ የመጣ አህያ ሁሉ ደጃችን ላይ ተኮለኮለ። ሰዉ ሲያጣድፈኝ እህሉን አብዝቼ ለቀቅኩበትና ሞተሩ ቀጥ አለ። ወረፋው ተንጫጫ። ሊቀመንበሩም መጡ።

«ያቺን ነገር ወደ ላይ አዙሪያት፤ ሰው ይጠብቃል» አሉኝ።

ኦቨርሎዱን ከጀርባዬ አድርጌ ቆምኩ። «አላዞርም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሲበርድ ይነሳል።»

«ባይነሳስ?»

«ባይነሳ እኔን ያባሩኝ።»

በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩና እጄን ሞተሩ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። በርዶ ለብ ሲል ሰማያዊዋን ተጫንኩ፤ ማስነሻውንም ነካሁ። ተነሳ። እህሉን አሁን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ። ሊቀመንበሩ ኮታቸው ላይ ያረፈውን ዱቄት አራግፈው ወጡ።

ቀና ስል ዲንሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ ላብ አጥምቆታል። የወፍጮው ድምፅ ሲጠፋበት ከታች ሰፈር እየሮጠ ነው የመጣው።

«አዞሩት ብዬ…» አለና ትንፋሽ አጠረው።

«ማንም አልነካውም።» በርጩማዋን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁ። «አንተም እስክትበርድ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ያን ቀን ወፍጮውን አብረን ዘጋን፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ቤቴ ገብቼ አላውቅም።