ፊቷን ያዞረችው የባሕር ፈረስ

የአባቴ የማንግ ኢስዮ ዓይን እንደጠፋ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። የስኳር በሽታው በሁለት ዓመት ውስጥ ቀስ ብሎ ወሰደባቸው። ታታይ እያልኩ ነው የምጠራቸው። በፊሊፒንስ ባሕር ዳርቻ፣ አኒላኦ ላይ፣ የታታይ ሥራ ማየት ነው፦ ካሜራ ይዘው ለሚጠልቁ ሰዎች ባሕር ሥር የተደበቀውን ጥቃቅን ፍጥረት ፈልጎ በብረት ዘንግ ማመልከት። ስለዚህ አብሬ እጠልቃለሁ። እኔ አያለሁ፣ ክርናቸውን ነክቼ ወደ ቦታው እመራለሁ፣ እሳቸው ያመለክታሉ፣ ምስጋናውም የእሳቸው ነው። ስማቸውን ከሚያጡ እኔ ብዋሽ ይሻላል ብዬ ነበር።

ያን ጠዋት የወሰድናት ዶክተር ፌሊ የማኒላ ጥርስ ሐኪም ናት። አሥር ዓመት የተመኘችው አንድ ፎቶ ነው፦ የሩዝ ፍሬ የምታህለውን የባሕር ፈረስ ፊት ለፊት። ፈረሷ ግን ብርሃን ሲያርፍባት ሁልጊዜ ጀርባዋን ነው የምትሰጠው።

"ማንግ ኢስዮ፣ ዛሬም ጀርባዋን ይዤ ከተመለስኩ ጥርስዎን ያለ ማደንዘዣ ነው የምነቅለው!" አለች ጀልባው ላይ።

"የቀረኝ ሁለት ነው፤ ለሱ ብለሽ አትድከሚ" አሉ ታታይ።

ሳቅን። እሷ ቀጠለች፤ "ደግሞ ዓይናቸው ጠፍቷል ይላሉ እኮ! እኔማ 'ማንግ ኢስዮ? ሂዱ ወዲያ!' አልኳቸው።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ታታይ ሳቃቸውን አቋርጠው ዘንጋቸውን መወልወል ያዙ።

ፈረሷ ሃያ አራት ሜትር ላይ፣ ማራገቢያ በሚመስል ባለ ቅርንጫፍ ቀይ ኮራል ላይ ጅራቷን ጠምጥማ ትኖር ነበር። ጓደኛዋ ባለፈው ዓመት ሙቀት ሞቷል፤ የቀረችን እሷ ብቻ ናት። ክርናቸውን ነካሁ፣ አመለከቱ፣ የካሜራው ፍላሽ በራ፣ ፈረሷ ጀርባዋን ሰጠች። ዶክተሯ ጣቷን አሽከረከረች፦ አዙሩልኝ።

ይህን ልመና ታታይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ መልሰዋል። አንድ ጊዜ ዓሣ የገፋን አስጎብኚ ዘንጉን ቀምተው ጉልበታቸው ላይ አጣመውበታል። ያን ቀን ግን፣ የጠዋቱ ወሬ ገና ጆሯቸው ውስጥ እንዳለ፣ የራሳቸውን ዘንግ ወደ ፈረሷ ዘረጉ። እጃቸውን ልይዝ ተወረወርኩ፤ ውሃ ውስጥ ግን ሰው አይሮጥም፣ አልደረስኩም። ፍላሹ ደጋግሞ በራ።

ጀልባው ላይ ዶክተሯ እያለቀሰች አቀፈቻቸው።

"አየችኝ! ማንግ ኢስዮ፣ ፊት ለፊት አየችኝ! አሳትሜ የእንግዳ ማረፊያችሁ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ከሥሩ የእርስዎ ስም!"

ምስሉን አጉልታ አሳየችኝ። ሁለቱ ዓይኖች ወደ እኛ ናቸው። የፈረሷ አንገት ግን ተሰብሯል፣ ጅራቷም ከቅርንጫፉ ተፈትቷል። ዶክተሯን ደስታዋ ጋርዷታል። ፈረሷን የገደላት የኔ ውሸት ነው።

ዶክተሯ ልብሷን ልትቀይር ስትሄድ ታታይ ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዴት ናት?"

"ታምራለች፣ ታታይ።"

"ሊጋያ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ዓይኔ እንጂ እጄ አልታወረም። ስትሰበር ተሰምቶኛል።"



ፎቶው አሁን ቁርስ የምንበላበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ስማቸውን ያነብና "እኛንም ይህች ፈረስ ጋ ይውሰዱን" ይላቸዋል። ታታይ ፎቶው አይታያቸውም። ቢሆንም በየጠዋቱ ወንበራቸውን በእጃቸው ዳብሰው ያገኙና፣ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ።