ከመጋዘኑ የመጣው ሳል

«ይሄኛው ክፍልስ?» አለች የምክር ቤት አባሏ፣ ከግድግዳው ጣቷ ላይ የቀረውን ያልደረቀ ቀለም በመሐረብ እየጠረገች።

«መጋዘን ነው፣ የተከበሩ። ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ወጥቷል» አለ ኮሎኔሉ።

ሁሌም እንዲሁ ነው። የመከላከያ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ጦር ሰፈር የሚጎበኘው ቀኑን አስቀድሞ አሳውቆ ስለሆነ፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ወታደሩ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ምሳ ይሰናዳል። ሕዝብ የመረጠው የመጀመሪያው ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ግን ኮሚቴው የትኛውንም በር ማስከፈት ይችላል ይላል። ይህን አንቀጽ ስለምትደጋግም ባልደረቦቿ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይተርቧታል።

ከበሩ ጀርባ ሰው ሲስል ተሰማ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«አይጥ አስቸግሮናል» አለ ኮሎኔሉ ፈገግ ብሎ።

«አይጥ ሳል አይዘውም፣ ኮሎኔል።»

ኮሎኔሉ ጠጋ አላትና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ታናሽ ወንድምዎ በእኔ ሥር ነው አይደል? ጨዋ ልጅ ነው። ከግንባር ወደ ከተማ ልዛወር ብሎ ጠይቋል። ጉዳዩ እኔ ጋ ነው።»

ጠዋት እናቷ ደጃፍ ድረስ ተከትላት፣ «አደራሽን ልጄ፣ ወንድምሽ እጃቸው ላይ ነው። ዛሬ እንኳ አፍሽን ያዝ አድርጊ» ስትላት እሺ ብላ ነው የወጣችው። ከኮሎኔሉ ይልቅ የእናቷን ፊት ፈራች።

«እህቴ፣ ይሄ ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለ ሰብሳቢው ክንዷን ይዞ። «ምሳውም እየቀዘቀዘ ነው። ሌላ ቀን እንመለስበታለን።»

ሌላ ቀን ሲመለሱ ክፍሉ ባዶ ሆኖ እንደሚጠብቃቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ሰዎቹ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሲያመሩ እሷም ጥቂት ተከተለቻቸው። ሳሉ እንደገና መጣ። አሁን ግን የታፈነ ነበር፤ ሰውየው አፉን በእጁ የያዘ ይመስላል። ወንድሟ በልጅነቱ ሳል ሲይዘው እናቷ ካጠገቡ ንቅንቅ አትልም ነበር።

ቆመች።

«እናንተ ብሉ። እኔ ቁልፉ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።»

«አስበውበታል?» አላት ኮሎኔሉ።

«አዎ» አለች።

ተመልሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ፤ እናቷ ናት። አላነሳችውም። ለልብሷ ሳትሳሳ ጀርባዋን ቀለሙ ያልደረቀው በር ላይ አስደገፈችና በጣቷ ቀስ ብላ አንኳኳች።

«አለሁ» አለች ወደ ውስጥ። «አልሄድኩም።»